ቲቢ ዓይንም ይይዛል እንዴ?

ቲቢ ሲባል ወዲያው ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሳል፣ አክታ፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ነው። በየትምህርት ቤቱ የፀረ-ኤድስ ክበብ ድራማ ላይ እንኳ የቲቢ ታማሚ ሆኖ የሚተውነው ልጅ ሥራው እያሳለ ወንበር ላይ መውደቅ ነው። ልክ ነው፣ ቲቢ በአብዛኛው የሚያጠቃው ሳንባን ነው። ነገር ግን ከፀጉርና ከጥፍር በስተቀር ቲቢ የማይገባበት የሰውነት ክፍል የለም ማለት ይቻላል። አጥንት፣ አንጀት፣ የአንገት ንፍፊት፣ የአንጎል ሽፋን፣ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ዓይን ጋም እንዲሁ።

እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ። መጀመሪያ በሕፃናት ክፍል፣ ከዚያም በዓይን ክፍል ሠርቻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማወራችሁ በትንንሽ ልጆች ዓይን ላይ ስለሚወጣው ቲቢ ነው። «እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን፣ ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። ሕፃናትን ወደ እኛ ክፍል ይዘው የሚመጡት ሁልጊዜ እናትና አባት አይደሉም። እናት ገበያ፣ አባት ሥራ ላይ ሲሆኑ ታናሹን አዝሎ የሚመጣው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው። ከማልረሳቸው ሕፃናት አንዷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያመጣት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወንድሟ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነበር።

ልጅቷ ግራ ዓይኗ ቀልቷል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ስታይ ፊቷን ወንድሟ ደረት ውስጥ ትደብቃለች። ሰፈር ውስጥ አንዱ «ምች ነው» አለ፣ ሌላው «ማዝ ነው» ብሎ የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠ፣ ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ያለ ማዘዣ ጠብታ ተገዛ። ጠብታው ሲደረግ ዓይኑ ይነጣል፣ ሲቆም ይመለሳል። እንዲህ ሲል ወር አለፈው።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዓይኗ አልነበረም። «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» ነበር ያለው። ልጁ ግራ ገባው። ወደ እኔ ዞር ብሎ በሹክሹክታ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ያመጣኋት ለዓይኗ ነው፤ የአባባ ሳል ምን ያገናኘዋል?» አለኝ። አባባ የሚለው አያቱን ነው። የሚያገናኘው ብዙ ነገር አለ፤ ቁጭ ብዬ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልድገመው።

ከሳንባ እስከ ዓይን

የቲቢን ባክቴሪያ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ የሚከበረው ለዚሁ ነው። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአየር ነው፤ የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ አየሩ ላይ የሚቀሩትን ጥቃቅን ጠብታዎች ሌላው ይተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በዚህ ባክቴሪያ ተይዟል። ይህ ማለት ግን ሩቡ ታሟል ማለት አይደለም፤ የሰውነት የመከላከል አቅም ባክቴሪያውን አስሮ ስለሚያስቀምጠው ከተያዙት ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ናቸው።

ታዲያ ይህ እስር ቤት በሁሉም ሰው ላይ እኩል ጠንካራ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት፣ በምግብ እጥረት በተጎዱ ልጆችና ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ በሩ ልል ነው። ባክቴሪያው ያመልጥና በደም ተጭኖ ይጓዛል። በዓይናችን ውስጥ ከሬቲና ሥር ኮሮይድ የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ስስ ይሁን እንጂ በደም ስሮች የተሞላ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ደግሞ ኦክስጅን የበዛበትን ቦታ ይወዳል፤ ለዚህም ነው ወደ ዓይን የደረሰው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ እዚያ የሚያርፈው። ባረፈበት ቦታ ትንሽ ቢጫማ ጉብታ ይሠራል። ከዚህ ሌላ የዓይንን የፊት ክፍል ሊያስቆጣ፣ የሬቲናን ደም ስሮች ሊያቆስል ወይም ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ለየት ያለ ዓይነት ደግሞ አለ። ባክቴሪያው ራሱ ዓይን ውስጥ ሳይኖር፣ ሰውነት በሌላ ቦታ ላለው ቲቢ የሚያሳየው ቁጣ ዓይን ላይ ይወጣል። ጥቁሩና ነጩ የዓይን ክፍል በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነጭ ወይም ቢጫማ ፍንጣሪ ብቅ ይላል፤ ዙሪያው ይቀላል፤ ልጁ ብርሃን መቋቋም ያቅተዋል። ይህ በተለይ በልጆች ላይ የሚታይ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቲቢ እጅግ ተስፋፍቶ በነበረባት በአላስካ የብዙ ልጆችን ኮርኒያ አጠልሽቶ ያለፈው ይኸው በሽታ ነበር። ፍንጣሪው ሌሎች መነሻዎችም አሉት፤ የዓይን ቆብ ላይ የሚኖር ሌላ ባክቴሪያ ወይም የአንጀት ትላትል ሊያመጣው ይችላል። ቲቢ በበዛበት አገር ግን ቲቢን ሳይጠይቁ ማለፍ ተገቢ አይደለም። የዚያች ሕፃን ዓይን ጠርዝ ላይ የነበረችውም እንዲህ ዓይነት ፍንጣሪ ነበረች። ከበስተጀርባው ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ።

ምርመራው ለምን ይከብዳል?

እስቲ አስቡት። አንድ ትልቅ ሰው ሳንባውን ሲያመው አክታ ይሰጣል፣ አክታው ይመረመራል፣ ነገሩ ይለያል። ከዓይን ውስጥ ግን አክታ አይወጣም። ባክቴሪያውን በቀጥታ ለማግኘት ዓይን ውስጥ በቀጭን መርፌ ገብቶ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልጋል። ይህ በትንሽ ልጅ ላይ የሚሠራው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ ነው፤ ተሠርቶም እንኳ ዓይን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ውጤቱ ብዙ ጊዜ «አልተገኘም» ይሆናል። በመሆኑም ሐኪሞች የዓይን ቲቢን የሚወስኑት እንደ መርማሪ ፖሊስ ማስረጃ አሰባስበው ነው። አንዱ ማስረጃ ብቻውን አይፈርድም።

የመጀመሪያው ማስረጃ ዓይኑ ራሱ ነው። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግና ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ከዚያ ልጁ በአንሶላ ይጠቀለላል፣ አስታማሚው ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሐኪሙ ኦፍታልሞስኮፕ በሚባለው ባለ ብርሃን መሣሪያ የዓይኑን ወለል ያያል። መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1851 ለዓለም ያስተዋወቀው ሄልምሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? በሰው ገላ ላይ ቆዳ ሳይቀደድ የደም ስርንና የቲቢን ጉብታ በዓይን ማየት የሚቻለው እዚህ ቦታ ብቻ መሆኑ ነው። በሕፃናት ክፍል ሳለሁ ራሳቸውን ስተው የሚገቡ ልጆች ነበሩ፤ ትኩሳት አለ፣ መንቀጥቀጥ አለ፣ ምክንያቱ ግን አይታወቅም። የዓይን ሐኪም ተጠርቶ ብሌን አስፍቶ ሲያይ ኮሮይድ ላይ ጉብታዎቹ ይታያሉ። በቃ፣ የቲቢ ማጅራት ገትር ወይም በመላ ሰውነት የተሰራጨ ቲቢ መሆኑን ዓይን ይናገራል፤ ሕክምናውም ሌሎቹ ውጤቶች ሳይጠበቁ ይጀመራል።

የማየት አቅምን መለካትም በትንሽ ልጅ ዘንድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሰሌዳ ላይ ያለውን አያነብም። ሥዕል እናሳያለን፣ መጫወቻ እናንቀሳቅሳለን። አንዱን ዓይን በእጃችን ስንከልለው ልጁ ዝም ካለና ሌላውን ስንከልል እጃችንን እየገፈተረ ካለቀሰ፣ የከለልነው የሚያይበትን ዓይን ነው ማለት ነው። ያቺ ሕፃን ቀኝ ዓይኗ ሲከለል እጄን ነክሳኛለች!

ሁለተኛው ማስረጃ የቆዳ ምርመራው ነው፤ ማንቱ ይባላል። ክንድ ላይ ቆዳው ውስጥ 0.1 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይወጋና ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበባል። የሚለካው ቅላቱ ሳይሆን በጣት ሲዳሰስ የሚጠጥረው እብጠት ነው። 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ በባክቴሪያው ተይዟል ይባላል፤ ኤች አይ ቪ ላለበት ወይም በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ 5 ሚሊ ሜትርም ይበቃል። ልብ በሉ፣ ማንቱ የሚናገረው ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ መግባቱን እንጂ ዓይንን ያሳመመው እሱ መሆኑን አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ እጅግ በተዳከመ ልጅ ላይ ቲቢ እያለም ክንዱ ምንም ላያበጥ ይችላል። ስለዚህ ክንዱ አላበጠም ብሎ ካርዱን መዝጋት አይቻልም።

ቀጥሎ የደረት ራጅ ይነሳል። አክታም ይፈለጋል፤ ትንሽ ልጅ ግን አክታውን ይውጠዋል እንጂ አይተፋም። ስለዚህ ድሮም ዘንድሮም ጠዋት በባዶ ሆድ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ከጨጓራ ይቀዳል። ለልጁም ለእኛም ከባድ ነው። ደግነቱ ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። የዓለም ጤና ድርጅት መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2010 አጸደቀው፤ ኋላም የተዋጠው አክታ መጨረሻው ሰገራ ውስጥ ስለሆነ የልጆች ሰገራ እንዲመረመርበት ፈቀደ። ይህ ዘዴ በሀገራችንም ሥራ ላይ ውሏል።

አራተኛው ማስረጃ «ማን ያስላል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ትንሽ ልጅ ቲቢ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ምንጩ አጠገቡ ያለ ትልቅ ሰው ነው።

እነዚህ ሁሉ እየተሠሩ ሳለ ሌሎች በሽታዎችም አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው የዓይን ካንሰር ነው። የልጅ ብሌን ላይ ነጭ ነጸብራቅ ከታየ፣ ለምሳሌ በፍላሽ በተነሳ ፎቶግራፍ አንዱ ዓይን ቀይ ሌላው ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ ወይም ዓይኑ በድንገት ሸወር ማለት ከጀመረ፣ ቀን ሳይሰጡ ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ነው። የቲቢ ትልቅ ጉብታ ካንሰር መስሎ ዓይን ወጥቶ፣ በኋላ በላቦራቶሪ ቲቢ ሆኖ የተገኘባቸው ሁኔታዎች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተዘግበዋል። አንዱን ከሌላው መለየት የሚችለው በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ በሀገራችን የዓይን ሐኪሞች ከሚሠለጥኑባቸው መካከል አዲስ አበባ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጅማና ጎንደር ይገኙበታል። ጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጽፍላችሁ «ሩቅ ነው» ብላችሁ ወረቀቱን ኪስ ውስጥ አታስቀሩት።

የልጅቷ ማስረጃ ተሰበሰበ። ማንቱው 16 ሚሊ ሜትር፣ ራጁ ላይ ያበጠ የደረት ንፍፊት፣ ኮሮይድ ላይ ሁለት ጉብታ። አያትየው ተጠርተው አክታ ሰጡ፤ ቲቢ ተገኘባቸው።

ሕክምናው

የዓይን ቲቢ የሚታከመው በዓይን ጠብታ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። አይደለም። መድኃኒቱ የሚዋጠው ነው፤ ለሳንባ ቲቢ የሚሰጠው ያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል፤ ከዚያ በኋላ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ብቻ ለአራት ወር ወይም ከዚያ በላይ። የዓይን ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ያስወስዳሉ፤ የአንጎል ሽፋንም ከተነካ አሥራ ሁለት ወር ይሆናል። ቀለል ያለ ቲቢ ላለባቸው ልጆች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የአራት ወር ሕክምና አለ፤ ዓይን ግን እዚያ ውስጥ አይካተትም። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው።

ቀደም ሲል የትልቅ ሰው ኪኒን እየተሰበረና እየተፈጨ ነበር ለልጅ የሚሰጠው፤ መራራ ስለሆነ ልጁ ይተፋዋል፣ መጠኑም ይዛባል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2015 ግን ውኃ ውስጥ የሚሟሟና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው የልጆች ኪኒን ይፋ ሆነ። ሦስቱ መድኃኒቶች በአንድ ኪኒን ተቀይጠዋል፤ መጠኑ የሚወሰነው በልጁ ክብደት ነው። ልጅቷ 13 ኪሎ ስለነበረች ሦስት ኪኒን ውኃ ውስጥ ይበጠበጥላትና ወዲያው ትጠጣለች። ኢታምቡቶሉ ለብቻው ይታከላል። የሪፋምፒሲን ነገር ደግሞ ሰው ያስደነግጣል፤ ሽንትን ብቻ ሳይሆን እንባንም ብርቱካንማ ያደርጋል። ወንድሟ «ሲስተር፣ እንባዋ ደም ሆነ!» እያለ እየሮጠ የመጣው ለዚህ ነው። ጉዳት የለውም።

እውነተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለኢታምቡቶል ነው። መጠኑ ሲበዛ የዓይንን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ቀይና አረንጓዴን መለየት ነው። ትልቅ ሰው «ቀለም ተምታታብኝ» ይላል፣ የአራት ዓመት ልጅ ግን ይህን አይነግራችሁም። በዚህ ፍርሃት ለዓመታት ሐኪሞች መድኃኒቱን ለትንንሽ ልጆች ከመስጠት ይቆጠቡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የተሠሩትን ጥናቶች ገምግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በትክክለኛው መጠን፣ ማለትም በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ለልጆችም ሊሰጥ እንደሚችል አሳወቀ። ቢሆንም ዓይኑ ቀድሞውኑ ለታመመ ልጅ፣ በተለይ ነርቩ ከተነካ፣ ሐኪሙ በሌላ መድኃኒት ሊተካው ይችላል። ቤት ውስጥ ልጁ ዕቃ ሲስት፣ ሲጋጭ ወይም ሥዕል ሲያስጠጋ ያየ ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይንገር። ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ከሆነ ወይም ምግብ እየመለሰ ካስታወከም እንዲሁ፤ ጉበቱ ሊሆን ይችላል።

ያ ዓይንን ያነጣው የነበረው የመድኃኒት ቤት ጠብታስ? ስቴሮይድ ነው። ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል፤ ቁጣውን ያበርዳል፣ ጠባሳ ይቀንሳል። እነሱ ግን የሚሰጡት ከቲቢው መድኃኒት ጋር ነው። ብቻውን ሲሰጥ እሳቱን ሳያጠፋ ጭሱን ብቻ ይሸፍናል፤ የአካባቢውን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ባክቴሪያውን ሊያግዝም ይችላል። ሲቆይ የዓይን ሞራና የዓይን ግፊት ያመጣል። ይህን ጠብታ ያለ ማዘዣ መሸጥ በእኔ እምነት ነውር ነው። ለጎረቤት ልጅ ከቤት የተረፈውን ማዋስም እንደዚያው።

ኤች አይ ቪስ?

ቲቢ የተገኘበት ልጅ ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል። ከ18 ወር በላይ ለሆነ ልጅ የተለመደው ፈጣን ምርመራ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ላለው ግን የእናት ፀረ እንግዳ አካል ደሙ ውስጥ ስለሚኖር ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል። ልጅቷም ተመርምራለች። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ የእሷ ነው።

ልጁ ቫይረሱ በደሙ ካለ ሁለቱም ይታከማሉ። መጀመሪያ የቲቢው መድኃኒት ይጀመራል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ የፀረ-ኤች አይ ቪው ይከተላል፤ የአንጎል ሽፋን ከተነካ ትንሽ ይዘገያል። ሪፋምፒሲን ሌሎች መድኃኒቶችን ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወግድ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ልጅ በቀን አንዴ የነበረውን ሁለቴ ይወስዳል። ሌላው የሚያሳስተው ነገር ሕክምናው ተጀምሮ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ዓይኑ ሊብስ መቻሉ ነው። የመከላከል አቅሙ ሲነቃ ባክቴሪያውን በቁጣ ስለሚያጠቃው ነው። በዚህ ጊዜ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ብሎ ማቋረጥ ይመጣል፤ መሄድ ያለበት ግን ወደ ሐኪም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዓይን ቲቢ በእንባ፣ በፎጣ፣ በመጫወቻ ወይም በመሳም አይተላለፍም። የልጅቷ አክስት ኩባያዋን ለይታባት ነበር፤ ምክንያት የለውም። ሌላውን ሊይዝ የሚችለው የአያትየው ሳል ነበር፤ እሳቸውም መድኃኒት ጀምረዋል። ቤቱ ውስጥ የስምንት ወር ሕፃንም ነበር። ቢሲጂ ክትባት ተከትቧል፤ ክትባቱ ሕፃናትን ከማጅራት ገትሩና ከተሰራጨው ቲቢ ይከላከላል እንጂ ከሁሉም ዓይነት ቲቢ አያድንም። ስለዚህ ተመርምሮ ነፃ ሲሆን ለሦስት ወር የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት ተጀመረለት። ወንድምየው ራሱም ተመርምሯል።

የልጅቷ ዓይን በሁለት ወር ነጣ፤ ጉብታዎቹ ደርቀው ጠባሳ ሆኑ። ግን በዚያ ሁሉ ወር አንጎሏ ደብዛዛውን ዓይን ትቶ በቀኙ ብቻ ማየት ለምዷል። የልጅ እይታ እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ድረስ ገና እየተሠራ ያለ ነገር ስለሆነ፣ ዓይን በዚህ ዕድሜ ሥራ ከፈታ ቢድንም ሰነፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጤነኛው ዓይን በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት በፕላስተር ይሸፈናል፤ ሰነፉ ተገዶ እንዲሠራ። ልጆች ይጠሉታል፣ ይልጡታል። ወንድሟ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ቢራቢሮ ይስልላትና ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጀምሮ እስከ እራት ድረስ ምስር እያስለቀማት ይቀመጥ ነበር።